ሌሊት እንደ ውሻ የሚያስል ልጅ፦ ክሩፕን መለየትና ማከም

ክሩፕ የሚባለው የሕፃናት የጉሮሮ ሕመም ሰዓት ይመርጣል። ቀኑን ትንሽ ንፍጥ ብቻ የነበረው ልጅ እራቱን በልቶ ይተኛል። ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ግን ውሻ የሚጮህ በሚመስል ሳል ይነሳል። ሊያለቅስ ሲሞክር ድምፁ ጎርንኖ ይቆራረጣል። አየር ሲስብ ከጉሮሮው ሻካራ ድምፅ ይሰማል። ቤቱ ሁሉ ይነሳል። አንዱ መስኮት ይዘጋል፣ አንዱ ውሃ ያፈላል፣ አንዱ ደግሞ ካለፈው ጉንፋን የተረፈ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ ያወጣል።

ሦስቱም አይረዱትም።

ክሩፕ በብዛት የሚይዘው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። እስከ 5 ዓመት አካባቢም ይታያል። አንደኛ ዓመታቸውን አልፈው ወደ ሁለተኛው የሚሄዱት ይበዛሉ። ወንዶች ከሴቶች ትንሽ በለጥ ብለው ይያዛሉ። አብዛኞቹ ልጆች ቀለል ብሎ ይዟቸው በጥቂት ቀን ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን በዚያው ሌሊት ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። ትልቁ ሥራ የእናንተ ልጅ ከየትኞቹ እንደሆነ መለየት ነው። ለዚህ ሳሉ ብዙ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ልጁ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ያለው ትንፋሽ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ጉሮሮው ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

መነሻው ቫይረስ ነው። ዋናው ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ሲሆን፣ የኢንፍሉዌንዛና ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችም ያመጡታል። ኮቪድም ያመጣል። ቫይረሱ ማንቁርትንና ከሥሩ ያለውን የአየር ቧንቧ ያሳብጣል። ልክ ከድምፅ አውታሮች በታች ቧንቧው ዙሪያውን በቅርጭጭት ቀለበት ታስሯል። እዚያ ቦታ ላይ እብጠቱ ወደ ውጭ መስፋት ስለማይችል ወደ ውስጥ ይገፋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአንድ ሕፃን ቧንቧ ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ፣ የሚቀረው ቀዳዳ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። አየር የሚያልፍበት ስፋት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ያው ቫይረስ አባትየውን ቢይዘው ድምፁ ቢጎረንን ነው፤ ሥራውም ይሄዳል። ልጁ ላይ ግን ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ይሆናል። ሻካራው ድምፅም ከዚያች ጠባብ ቦታ የሚያልፈው አየር ድምፅ ነው።

አንደኛ፦ መጀመሪያ እናንተ ተረጋጉ

ይህ ለማጽናናት ያህል የተባለ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሲያለቅስ አየር በኃይል ይስባል። በኃይል ሲስብ ደግሞ ያበጠው ቧንቧ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጠባል። ስለዚህ ልጁን ማረጋጋት ራሱ ሕክምና ነው፤ ሆስፒታልም ቢሆን የሚጀምሩት በዚህ ነው።

ጭናችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። በግድ አታስተኙት። ልጁ ራሱ የሚቀለውን አቀማመጥ ያውቃል፤ ተዉት። በለሆሳስ አውሩት፣ አንጎራጉሩለት፣ የሚወደውን ነገር አሳዩት። የሚጠባ ከሆነ ጡት ስጡት። መብራቱን ሁሉ አብርታችሁ ሰው አትሰብስቡበት። ጎረቤት ይቆይ፣ ከልጁ ጋር አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል።

አፉን በማንኪያ ከፍታችሁ ጉሮሮውን ለማየት አትሞክሩ። ችግሩ ያለው ዓይን ከሚደርስበት በታች ነው፤ ምንም አታዩም። ልጁን ግን ታስለቅሱታላችሁ። አንዳንድ ሌላ የጉሮሮ ሕመም ከሆነም በዚያ ንክኪ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሲረጋጋ አዳምጡ፣ ከዚያ ደረቱን እዩ

ልጁ ለቅሶውን ካቆመ በኋላ ሸሚዙን ግለጡና አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። የምትፈልጉት መልስ ለእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ሳያለቅስና ሳያስል አየር ሲስብ ሻካራው ድምፅ ይሰማል? ሲያለቅስ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ብዙ አያስጨንቅም። ተረጋግቶ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ እያለ የሚሰማ ድምፅ ግን ሐኪም ይፈልጋል። በአገራችን የጤና ባለሙያዎች የሚሠሩበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም ይህንን የአደጋ ምልክት ብሎ ነው የሚይዘው፤ ያለበት ልጅ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ደረቱ ይሰረጉዳል? አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በጎድን አጥንቶቹ መሃልና ከአንገቱ በታች ያለውን ጎድጓዳ ቦታ እዩ። ሥጋው ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ልጁ ለመተንፈስ እየታገለ ነው።

ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ትኩሳትም ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን ከሌላው ጋር አያይዛችሁ እዩት።

ቀለሙስ? የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መጥቆር ወይም ሰማያዊ መሆን ቶሎ አይታይም። ስለዚህ የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍል፣ ምላሱንና ጥፍሩን በመብራት እዩ። ሰማያዊ ወይም አመድማ ከሆነ አትጠብቁ።

ሁኔታው እንዴት ነው? ያያችኋል? እጁን ወደ አሻንጉሊቱ ይዘረጋል? ወይስ ፈዟል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ድምፁ ሲቀንስ ሁሌም ተሻለው ማለት አይደለም። ልጁ ደረቱ እየተሰረጎደ፣ እየፈዘዘ፣ እየደከመው ድምፁ ከቀነሰ፣ የሚገባው አየር አንሷል ማለት ነው። ይህ ከጩኸቱ የከፋ ነው። የተሻለው ልጅ ድምፁ ሲቀንስ ፊቱም ይፈታል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ ይተኛል፣ ደረቱም በቀስታ ይነሳል ይወርዳል።

ከቻላችሁ ግማሽ ደቂቃ በስልክ ቅረጹት። ልጁ መንገድ ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ስለሚሻለው፣ ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ምንም ያልነካው መስሎ ቁጭ ይላል። ቪዲዮው ያን ጊዜ ይመሰክርላችኋል።

ሦስተኛ፦ ወስኑ

የውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል አለው፣ ድምፁ ጎርንኗል፤ ነገር ግን ሲረጋጋ ትንፋሹ ድምፅ የለውም፣ ይጠጣል፣ ይስቃል። ይህ ቀላሉ ነው። ሌሊቱን ቤት ማሳለፍ ይቻላል። ሲነጋ ግን ለሐኪም ማሳየት ጥሩ ነው። ቀላል ለሆነውም ቢሆን የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ተረጋግቶም ድምፁ ይሰማል፣ ደረቱም በመጠኑ ይሰረጉዳል፤ ግን ንቁ ነው። ይህ እስኪነጋ አይጠበቅም። አሁኑኑ ተነሱ።

ድምፁ ሲያስገባም ሲያስወጣም ይሰማል፣ ደረቱ በጣም ይሰረጉዳል፣ በጣም ይቅበጠበጣል ወይም ፈዟል፣ ከንፈሩ ተለውጧል፣ መጠጣት አልቻለም፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ያዝረከርካል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ አምቡላንስ ወይም በእጅ ያለ መኪና፣ የቀደመው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 አለ። ውጭ ላላችሁ፦ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ ሌሊት በድንጋጤ መሃል የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ ከነበረ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ካለበት፣ ወይም ቤታችሁ ከጤና ተቋም ሩቅ ከሆነ፣ ቀላል ቢመስልም ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ቦሌ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ማየት ይችላል። የሁለት ሰዓት መንገድ ያለበት ሰው ግን የሚጠብቀው ጊዜ የለውም።

አራተኛ፦ ቤት ውስጥ የሚደረግ

መስኮት ክፈቱ። አዎ፣ ክፈቱ። ይህ በእኛ ቤት ጦርነት የሚያስነሳ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ታሞ ያለ ልጅ ላይ ነፋስ ማስገባት!

«ልጁን ብርድ ልታስመቺው ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ጋቢ ሸፍኜዋለሁ እኮ። ሰውነቱ ሙቅ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር የሚያስፈልገው ለጉሮሮው ነው።»

መልሱ ይኸው ነው። ሰውነቱን በደንብ ሸፍኑ፣ ፊቱን ግለጡ፣ በረንዳ ላይ ወይም ደጃፍ ላይ ታቅፋችሁት ተቀመጡ። ይህ የጥንት ወላጆች ልምድ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ የጄኔቫ ጥናት ግን ቀላልና መካከለኛ ክሩፕ የያዛቸውን 118 ልጆች ለሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። ሁሉም እብጠት የሚያወርደውን መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞንን ወስደዋል። ግማሾቹ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ የደጅ አየር ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቆዩ፤ ሌሎቹ ክፍል ውስጥ ቆዩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጅ ከወጡት 49 በመቶው ሲሻላቸው፣ ክፍል ውስጥ ከቆዩት 24 በመቶው ብቻ ናቸው የተሻላቸው። ጥቅሙ ጊዜያዊ ነው፤ መድኃኒቱን አይተካም። ግን መድኃኒቱ እስኪሠራ ድልድይ ይሆናል።

የኅዳርና የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ለዚህ በቂ ቅዝቃዜ አለው። ደብረ ብርሃን ላላችሁማ ዓመቱን ሙሉ ሞልቷል። ጋምቤላ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ከሆናችሁ ግን ደጁ ራሱ ምድጃ ነው፤ ልጁን ማውጣት ትርጉም የለውም። የፍሪጅን በር ከፍቶ ከፊቱ መቀመጥን የሚመክሩ ሐኪሞች አሉ። ሞክሩት፣ አይጎዳም። ጥናቱ የተደረገው ግን በደጅ አየር ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ገደብ አለ፦ ከባድ ምልክት ያለበትን ልጅ በረንዳ ላይ ይዛችሁ አትጠብቁ።

ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ውሃ፣ የእናት ጡት፣ አጥሚት፣ የሚወደውን። ምግብ እምቢ ካለ አታስገድዱት። ፈሳሽ ጭራሽ እምቢ ካለና ለብዙ ሰዓት ካልሸና ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ትኩሳት ካለውና ከተቅበጠበጠ ፓራሲታሞል ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እያራራቁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው። የሽሮፕ ዓይነቶች ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አንብቡ። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ስጡ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ሌሊቱን አንድ ሰው እዚያው ክፍል ይተኛ። ክሩፕ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

የማይደረጉ

የፈላ ውሃ እንፋሎት። ይህ በመላው ዓለም ለብዙ ዘመን ሲመከር የኖረ ነው፤ በኛም ባህር ዛፍ ተጨምሮበት ማጠን የተለመደ ነው። እርጥበት ያለው አየር ክሩፕን ያሻል ወይ ተብሎ በሆስፒታል ሲፈተሽ ግን የጎላ ጥቅም አልተገኘበትም። አደጋው ግን አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የሚታገል ሕፃን፣ የፈላ ድስት፣ ብርድ ልብስ። ክሩፕ ይዞት የመጣ ልጅ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ቢተኛ ከክሩፑ የከፋ ነው።

ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል ማስገባትም ያው ነው። በሩ ተዘግቶ የሚነድ ከሰል የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ ጭሱም ያበጠውን ጉሮሮ ያስቆጣዋል። ዕጣኑም፣ ሲጋራውም ልጁ እስኪድን ከቤት ይውጣ።

እንጥል ማስቆረጥ። ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ልጅ ጉሮሮው ሲዘጋ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ ወደ ባህላዊ ቆራጭ የሚወሰድበት ቤት ዛሬም አለ። ክሩፕ ያለው ከእንጥል በጣም በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ነው። እንጥሉ ቢቆረጥ ያበጠው ቦታ አንድ ፀጉር ታህል እንኳ አይሰፋም። ልጁ ግን ይደማል፣ ደሙ ወደ ጠበበው ቧንቧ ሊወርድ ይችላል፣ በምላጩ ኢንፌክሽን ሊገባው ይችላል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ልጆች አሉ። አያቶችን ማክበር አንድ ነገር ነው፣ ምላጩን መከልከል ሌላ።

ቅቤ ማዋጥ ወይም አፍንጫ ውስጥ ማድረግ ደግሞ ቅቤው ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። ትንፋሽ ያጠረው ልጅ በተለይ በቀላሉ ትን ይለዋል። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ቪክስ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይቀባም።

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ አሞክሳሲሊን ለክሩፕ ምንም አያደርግም። የሳል ሽሮፕም እንዲሁ። የሚያስተኛ ዓይነት ሽሮፕማ ጭራሽ አይሰጥም፤ ለመተንፈስ እየታገለ ያለን ልጅ ማደንዘዝ አደገኛ ነው።

አምስተኛ፦ ጤና ተቋም ስትደርሱ

በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ካርድ ለማውጣት ወረፋ ላይ አትቁሙ፤ አንዳችሁ ካርዱን ስትጨርሱ ሌላው ልጁን ይዞ የመጀመሪያዋን ነርስ ያናግር። «ልጄ ያስለዋል» ካላችሁ ከሌሎች ሃያ ከሚያስላቸው ልጆች ጋር ትቀመጣላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ሲስተር፣ ልጄ ሳያለቅስም አየር ሲስብ ጉሮሮው ድምፅ ያሰማል፤ ደረቱም ወደ ውስጥ ይገባል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ወረፋ ያስዘልላል፤ ሊያስዘልልም ይገባል። ቪዲዮውን አሳዩ። ክብደቱን፣ የወሰደውን መድኃኒትና ሰዓቱን፣ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ቅረቡ።

ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው። እብጠቱን የሚያወርድ ስቴሮይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መጠን ለአንድ ኪሎ 0.6 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 6 ሚሊ ግራም። በአንዳንድ አገሮች በኪሎ 0.15 ሚሊ ግራም ብቻ ይሰጣሉ፤ እሱም ይሠራል። ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ በአፍ ከተሰጠ በቂ ነው። ልጁ መዋጥ ከቻለ መርፌ አያስፈልገውም፤ «በአፍ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ካልተገኘ ፕሬድኒሶሎን ይተካዋል። ወዲያው ካስመለሰው ንገሩ፣ ሊደገምለት ይችላል።

መድኃኒቱ በ2 ሰዓት ገደማ ለውጥ ያሳያል፤ ውጤቱም ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል። ለቀላል ክሩፕም ይጠቅማል ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ወደ ሐኪም መመለስን ይቀንሳል። ብዙ እናቶች «ስቴሮይድ» ሲባል ይደነግጣሉ። የሚያሰጋው ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰድ ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን ለአብዛኛው ልጅ የሚፈራ ነገር የለውም። ይህን ብዬ ግን ዴክሳ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ ስጡ እያልኩ አይደለም። ድምፁ የሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ዴክሳው ለጥቂት ሰዓት አታሎ ጊዜ ያስበላችኋል።

ከበድ ላለው በማሽን የሚተነፈስ አድሬናሊን ይጨመርለታል። በደቂቃዎች ውስጥ እብጠቱን ይቀንሰዋል፤ ለማየት ደስ ይላል። ግን በ2 ሰዓት አካባቢ ያልፋል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አድሬናሊን የወሰደ ልጅ ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ መታየት አለበት። «ተሻለው፣ እንሂድ» አትበሉ። ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ይሰጣል። የመተንፈሻ ቱቦ እስከማስገባት የሚደርሱት በጣም ጥቂት ናቸው።

የደም ምርመራና ራጅ ለተለመደው ክሩፕ አያስፈልግም። ሐኪሙ በጆሮውና በዓይኑ ነው የሚለየው። ገና እንደደረሳችሁ ረጅም የምርመራ ወረቀት ከተጻፈላችሁ «ምን ለማየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለደም ሲወጋ የሚጮህ ልጅ ትንፋሹ ይብስበታል፤ ገንዘቡም አለ።

ክሩፕ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

በድንገት፣ ቀን ላይ፣ ሲበላ ወይም ሲጫወት የጀመረ ከሆነ፣ ጉንፋንም ትኩሳትም ካልነበረው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዋጠው ነገር ነው። ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ሳንቲም፣ የአሻንጉሊት ቁራጭ። ልጁ እያሳለ ድምፅ ካወጣ እንዲያስል ተዉትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጣታችሁን አፉ ውስጥ በጭፍን አታስገቡ። ማሳልም መተንፈስም ካልቻለ ግን ደረቱን ደግፋችሁ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ ጀርባውን በመዳፍ 5 ጊዜ በኃይል ምቱ፤ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ።

ከፍተኛ ትኩሳት፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አገጭን አውጥቶ መቀመጥ፣ የውሻ ዓይነቱ ሳል ግን አለመኖር፦ ይህ የማንቁርት ክዳን እብጠት ሊሆን ይችላል። ዋና መንስኤው ባክቴሪያ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመረችው፣ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚወስዱት ፔንታቫለንት ክትባት ይህን ባክቴሪያ ይከላከላል። ዲፍቴሪያንም እንዲሁ። ዲፍቴሪያ ያለበት ልጅ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ይታያል፤ አንገቱም ሊያብጥ ይችላል። ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩ።

ኩፍኝም ክሩፕ ያመጣል፤ ከተለመደው የከፋ ክሩፕ። ሽፍታና የቀላ ዓይን ካለው አስታውሱት። አስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያፏጨው አየር ሲወጣ ነው እንጂ ሲገባ አይደለም። ትክትክ የተከታታይ ሳል ጋጋታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ልጁ አየር በረጅሙ ይስባል፣ ሳሉም ሳምንታት ይቆያል። ከምግብ፣ ከመድኃኒት ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ሰውነቱ ተንደብድቦ ትንፋሽ ካጠረው አለርጂ ነው፤ ያም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ክሩፕ መስሎ ጀምሮ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከፍተኛ ትኩሳት ካመጣ፣ ልጁም ከተዝለፈለፈና መድኃኒቱ ካልያዘው፣ ቧንቧው ባክቴሪያ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ተመልሳችሁ ሂዱ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ቀጣዮቹ ቀናት

ቀን ላይ ደህና ሆኖ ሲውል «አለቀ» አትበሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌሊት ሊከብድ ይችላል። የውሻ ዓይነቱ ሳል በአብዛኛው በ3 ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ ተራው ሳል ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳቱ ሳይጠፋ ሕፃናት ማቆያ አትውሰዱት። እጅ መታጠብና የሚጠጣበትን ኩባያ መለየት ለወንድምና እህቶቹ ይጠቅማል፤ አብሮ ከሚኖር ሕፃን ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ማራቅ ግን ከባድ ነው።

አንዳንድ ልጆች ክሩፕ ይደጋገምባቸዋል። ጉንፋን እንኳ ሳይዛቸው ሌሊት ድንገት ጀምሯቸው እስኪነጋ የሚለቃቸውም አሉ። ብዙዎቹ አድገው ይተዉታል። በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ከመጣበት፣ ወይም በሁለት ክሩፕ መሃል ባሉት ደህና ቀናትም ትንፋሹ ድምፅ ካለው፣ ወይም ከ6 ወር በታች ሆኖ ከጀመረው፣ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ይየው። ሲወለድ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት የነበረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ቱቦው ቧንቧው ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል።